የእድራችን ድንኳን ሠርግ ሄደ

ጥር 4፣ እሑድ

ከተማው አብዷል። ሌላ ቃል የለኝም።

ኪያ የምትባለዋ ዘፋኝ በየካቲት መጀመሪያ እዚሁ አርባ ምንጭ ልታገባ ነው። ሙሽራው ፋኑኤል የሚባል የፊልም ተዋናይ ነው። የእናቷ አገር ስለሆነ ነው አሉ እዚህ የመረጠችው። ስሙንም "ንጉሣዊው ሠርግ" ብለውታል። ንጉሥ ካወረድን ሃምሳ ዓመታችን ነው፤ አሁን ደግሞ ዘፋኝ ልናነግሥ ነው መሰለኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ የኪያ ፎቶ ተለጥፏል። የሥላሴን ሥዕል ወደ ጥግ ገፍቶ! "ምነው ልጄ?" ስለው "ጋሼ፣ እስከ ሠርጉ ብቻ ነው" አለኝ። ወርጄ በእግሬ ልሄድ ነበር፤ ፀሐዩ ከለከለኝ እንጂ።

ፋንታዬ ግን ደስ ብሏታል። ከሐዋሳ ሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ ሚስቴን እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ልጃችን ሊሻን ከባንክ ሥራዋ ስትመጣ አልጋው ላይ አጠገቧ ትጋደምና ስልኳን ትከፍትላታለች። "ላቄ! ሰባት ቀሚስ ነው የምትቀይረው!" አለችኝ ፋንታዬ። ሰባት ቀሚስ፣ በዚህ ሙቀት። አምስቱ ነጭ ናቸው፤ አንዱ የዶርዜ ጥበብ፣ አንዱ ወርቃማ። ይኼን ሁሉ እኔ ፈልጌ አይደለም የማውቀው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ስለሌለ ነው።

ሐኪሙ ያለኝን ለማንም አልነገርኩም። ለሊሻንም። ለራሷ ለፋንታዬማ እንዴት ተደርጎ! "ጨጓራ ነው፤ እረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ" ብያታለሁ። አምናኛለች።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ሁለት ማንኪያ አጥሚት። ከዚያ በላይ እምቢ።

መድኃኒት ቤት፤ ከዚያ ኸይሩ ሱቅ። ኸይሩ የጎረቤታችን ባለሱቅ ነው፤ ሃያ ዓመት የማውቀው የረጋ ሰው። እሱም የኪያ ፎቶ ያለበት ማራገቢያ ደርድሮ ይሸጣል።

"አንተም ኸይሩ?"

"ጋሽ ላቀው፣ ስኳር ሳመጣ ዋጋ ጨመርክ ተብዬ እሰደባለሁ። ይኼን ሳመጣ ሰልፍ ነው። ምን ላድርግ?"

ለፋንታዬ ብሎ አንድ ሰጠኝ። ነውር ስለሆነ ተቀበልኩ። እሷም ይኸው በኪያ ፊት ፊቷን ስታራግብ ዋለች።

ጥር 12፣ ሰኞ፤ ቃና ዘገሊላ

የሚካኤልን ታቦት ልናስገባ ወጥተን ከኋላዬ ያሉ ሴቶች ስለ ኪያ ቀለበት ያወራሉ። ታቦት ፊት! ገላምጫቸው ዞር ስል አንዷ ቀጠለች፣ "የጋሽ ላቀው ሚስት ግን እንዴት ከሳች፤ ስኳር ይሆን?"

"ጾም ይዛ ነው" አልኳት። በጥምቀት ሰሞን የምን ጾም ነው! ሴትዮዋ አየችኝ፤ አዘነችልኝ መሰለኝ። ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ስለ ቀለበታቸው ያውሩ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለችንን ጥቂት ሙዝ ለማየት ሄጄ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ፓፓያ ተቀምጧል። ማን አመጣው ስል የእድራችን ሊቀመንበር ዘመድኩን እኔ በሌለሁበት መጥቶ ሲጫወት ቆይቶ ኖሯል።

"ምን ፈልጎ?"

"በሽተኛ ሊጠይቅ ነዋ" አለች ፋንታዬ።

"ይኼን ያህል ሰዓት?"

"ስለ ኪያ ስናወራ ቆየን።"

ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ሳለ እንኳ የሚነዳው እጁን ለሰው እያውለበለበ ነበር። ማታ ሽበሺ፣ የእድሩ የንብረት ጠባቂ፣ ጉዱን ነገረኝ። የሠርጉ ኮሚቴ ለከተማው ሕዝብ ግብዣ የሚሆን ድንኳን አንሶት የእድሮችን እየሰበሰበ ነው። የእኛንም ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ከወንበርና ከብረት ድስቱ ጋር፤ ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ። ለእያንዳንዱ አባል ደግሞ የመግቢያ ካርድ! ዘመድኩን ለካ ፓፓያ ይዞ የሚዞረው ነገ ለሚሰጠው ድምፅ ነው። በታመመች ሴት በኩል ሊገባብኝ!

ጥር 18፣ እሑድ

ብዕሩን በንዴት ስጫነው ጽሑፌ ይኸው ጠሟል።

የእድሩ ስብሰባ ለቅሶ ሲኖር እንኳ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ለወትሮው መዋጮ ክፈሉ ሲባሉ የሚታመሙት ሁሉ ፊት ወንበር ይዘዋል። ዘመድኩን ተነስቶ የኮሚቴውን ጥያቄ ተናገረ። ጭብጨባ። እጄን አወጣሁ።

ደንቡን ከሃያ ዓመት በፊት ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ድንኳን ለደስታ ቢሰጥም አንዱ ምንጊዜም መጋዘን ይቀራል ይላል። እሱን አነበብኩላቸው። "የሰው ወርቅ አያደምቅም" አልኳቸው። "ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። አንዱን ስጡ፤ አንዱን ብቻ አስቀሩ" አልኩ። አንዱን ብቻ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት እንጃ። ለመንኩ ማለት ይቻላል።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ ተነሳ። "ጋሼ፣ በዚች አምስት ቀን ውስጥ ማን ሊሞትብን ነው? ስሙን ይንገሩንና እናስቀርለት!"

ሳቁ! አዳራሹ ፈረሰ። ሴቶቹም "ኧረ ሟርት! ኧረ አፍዎን!" ይሉኛል፤ ልጁን ሳይሆን እኔን። ደንቡን አጣጠፍኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን አሞኝ ነው።

ዘመድኩን አልሳቀም። ዓይኔን ማየት አቅቶት ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ "ይብቃ፣ ይብቃ፤ ወደ ድምፅ" አለ። ሕሊና አለው ማለት ነው፤ ትንሽም ቢሆን። የተቃወምነው ሦስት ነን፦ እኔ፣ ኸይሩ፣ እና አንዲት ጆሯቸው የማይሰማ አሮጊት። እሳቸውም የተጠየቀው ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን አወረዱ።

ቤት ስገባ ፋንታዬ ነቅታ ጠበቀችኝ። "ሰጡ?" አለች።

"ሰጡ።"

"እሰይ" አለች። እሰይ! በዚህ ቤት እንኳ ከእኔ ጋር የሚቆም ሰው የለም። በሩን ወርውሬ ዘጋሁት፤ ደንግጣ ሳል ያዛት። ስላሳልኳት ራሴን ልመታው ምንም አልቀረኝ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

አልበላችም። ሊሻን "አባዬ፣ ሐዋሳ ላለው ሐኪም ለምን አንደውልለትም?" አለችኝ። "ለጨጓራ?" አልኳት። አየችኝና እቃ ልታጥብ ሄደች። እቃው ግን ታጥቦ ነበር።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

የሠርጉ ኮሚቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ አድርጎ እስከ ላይኛው ሴቻ ድረስ የመንገዱን ዳር ድንጋይ ነጭ ቀለም እያስቀባ ነው። ሙሽራዋ በአጀብ የምታልፍበት ነው። የዋናው መንገድ ጉድጓዶች በአንድ ሌሊት ተደፈኑ። የእኛ ቅያስ ያው እንደሆነ ነው። ትናንት ፋንታዬን ለመርፌ ስወስዳት ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ክንዴን ትጨብጣለች፤ "ውይ" እንኳ አትልም። ሹፌሩን በቀስታ ንዳ ብዬ ጮህኩበት። በቀስታ ነበር የሚነዳው።

ስንወርድ የኮሚቴውን ቀለም ቀቢ አገኘሁትና "እዚህ ቅያስ ውስጥ ሰው አይኖርም?" አልኩት። "በዚህ ኪያ አታልፍም እኮ ጋሼ" አለኝ። ብሩሹን ይዞ ትክ ብሎ ነው የሚያየኝ፤ ሊያስቀይመኝ ፈልጎም አይደለም። እውነቱን ነው የነገረኝ፤ እሱ ነው ያበገነኝ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ወሰዱት። ሁለቱንም።

ሽበሺ ሲያስረክብ ቆሜ አየሁ። የሠርጉ አስጌጪዎች ድንኳኑ ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈውን የእድራችንን ስም ሲያዩ ተሳሳቁ። "በነጭ ጨርቅ እንሸፍነዋለን፤ የለቅሶ ድንኳን መሆኑ በካሜራ እንዳይታይ" አለች አንዷ። አባቴን የቀበርኩት ከዚህ ስም በታች ቆሜ ነው። አሁን ያሳፍራል!

ማክሰኞ ጠዋት ይመለሳል ብለው ፈርመዋል። ማክሰኞ። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ።

ሌሊቱን ተነስቼ ሄጄ አየኋት። ትተነፍሳለች።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አሳ አማረኝ አለች። ስንት ቀን ምንም አላማራትም! ሳልቆይ ጫሞ ሐይቅ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገና እየገቡ ነው፤ አሳው ግን ከጀልባ በቀጥታ ወደ በረዶ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ፒካፕ።

"አንድ" አልኩት አሳ አጥማጁን።

"ሁሉ አለቀች ጋሼ። የኪያ ነው፤ ተቆጥሮ ነው የሚገባ።"

"አንድ አሳ ነው የምልህ ሰውዬ! ለታመመ ሰው ነው!"

መኪናው ላይ የቆመው የኮሚቴ ሰው "አባቴ፣ ነገ ግብዣው ላይ ይምጡ፣ እንደ ልብዎ ይበላሉ" አለኝ። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። ካህን ፊት የምናገረው ይሆናል። አሳ አጥማጁ ግን መኪናው ዞር ሲል ከጀልባው ሆድ አንድ መለስተኛ አሳ አወጣና በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ እጄ ላይ ጣለልኝ። "ሂድ፣ ሂድ" አለኝ፤ ዋጋም አልጠየቀኝ።

ሾርባ አደረግንላት። ሦስት ማንኪያ። "ይኼ የኪያ አሳ ነው" ስላት እስኪያስላት ሳቀች፤ አራተኛዋን ማንኪያም ጠጣች።

የካቲት 2፣ እሑድ

ከንጋት ጀምሮ ጡሩንባ፣ ክላክስ፣ ሰማይ ላይ የምትጮህ ድሮን። ሊሻን የተሰጠንን ካርድ ይዛ አልሄድም አለች። ፋንታዬ አስገደደቻት፤ "ሄደሽ ካላየሽልኝ ማን ይነግረኛል?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ላቄ፣ ቅያሱ አፍ ላይ አውጣኝ። ስታልፍ ልያት።"

"አቧራ ነው። ፀሐይ ነው። አንዲት ቀለም የተቀባች ዘፋኝ ለማየት?"

"አዎ" አለች።

ተቆጣሁ፤ ብዙ ተናገርኩ። ስለ ጃንሆይ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ድንጋይ ቀለሙ። ጨርሼ ሳበቃ ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ምን ይደረጋል? አቀፍኳት። ከእሷ ይልቅ የደረብኩላት ብርድ ልብስ ነው የከበደኝ። ሽበሺ ወንበር ይዞልን ወጣ። ኸይሩ ከሱቁ ጥላ አምጥቶ ከላይዋ ዘረጋላት። ሕዝቡ መሐል ገብተን ቆየን። ትልልቅ ሰዎች፣ የማከብራቸው አስተማሪዎች፣ አንገታቸውን አስግገው!

መጡ። ሞተር ብስክሌት፣ ከዚያ ረጃጅም ጥቁር መኪኖች። መስታወታቸው ሁሉ ጥቁር። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አለፉ። በቃ። ሕዝቡ ግን እልል ይላል! ለመስታወት! "ይኼው ነው? ለዚህ ነው?" አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰዎች ዞረው አዩኝ።

ፋንታዬ እጇን ከፍ አድርጋ ታውለበልባለች። "አየችኝ" አለች። "እጇን አነሳችልኝ።"

በዚያ መስታወት ማንም ማንንም አያይም። "አዎ፣ አየሁ" አልኳት።

ስመልሳት ደክሟት አንገቴ ላይ ተኛች። ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ አጠረ። ሊሻን ደጋግሜ ብደውልላት አታነሳም፤ ጫጫታ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት እምቢ። ደረቷን ደግፌ ተቀመጥኩ። ከሴቻ በኩል ርችት ይፈነዳል፤ በፈነዳ ቁጥር ዓይኗን ገለጥ ታደርጋለች። ዛሬ አይሁን፣ ዛሬ አይሁን፣ ጌታዬ፣ ድንኳንም የለን። ምን እያልኩ እንደሆነ አላውቅም። ሲመሽ ለቀቅ አደረጋት።

የካቲት 3፣ ሰኞ

የነነዌ ጾም ገባ። ተኝታለች። ሊሻን ቪዲዮ አሳየቻት፤ ግማሹን አይታ አንቀላፋች። ድንኳናችን ምን አምሮበታል መሰለህ አባዬ አለችኝ። እንዳላይ ወጣሁ። በኋላ ግን አየሁት። የኛን ስም ሸፍነው አበባ ሰቅለውበታል።

ነገ ማክሰኞ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

በጠዋት መጋዘን ነበርኩ። ለጠብ ነው የሄድኩት፤ አልዋሽም። ሽበሺ ሸራውን ሲዘረጋው እያንዳንዱን ስፌት በእጄ ዳሰስኩ። መብራት የሰቀሉበት ጎኑ ክንድ ያህል ተቀዷል። እሰይ አልኩ በሆዴ። ዘመድኩን ላይ ጮህኩበት፤ ለካርድ ብለህ እድር የሸጥክ፣ ፓፓያ ይዘህ የሰው ቤት የምትዞር፣ ምኑን ያልኩት፣ ምኑን ያላልኩት።

 ሲደክመኝ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሽ ላቀው፣ ሲሰድቡኝ ዝም ብዬ የከረምኩት ቃል ስለገባሁ ነው። ድንኳኑን ስጡ ያሉን እትዬ ፋንታዬ ናቸው።"

ምን? አልኩ።

"ያን ቅዳሜ የመጣሁት አንሰጥም ብለናል ልላቸው ነበር። መታመማቸውን እናውቃለን፤ ከልጆቹ በቀር ሰፈሩ ያውቃል። እሳቸው ግን 'በእኔ ምክንያት የሰው ደስታ አይጉደል። ላቀው ይቃወማል፤ ለእኔ ብሎ ነው፤ አትስሙት። እኔ እስከ ማክሰኞ አለሁ' አሉኝ። ያ ጎረምሳ አያውቅም ነበር። ስነግረው አለቀሰ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አገር ሁሉ ያወቀውን እኔ ነኝ ስሸሽግ የከረምኩት!

በእግሬ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። በሩን ስከፍት ፋንታዬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

"ድንኳኑ ገባ?" አለችኝ።

"አንቺ ሴት!" አልኩ። ጮህኩ። በታመመች ሚስቴ ላይ ጮህኩ። "ለዘመድኩን! ለሹፌር! ሰላሳ ስምንት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ ይኼን ለእሱ ትነግሪዋለሽ?"

"አንተስ ነግረኸኛል?" ድምፅ አላት ለካ። "ሐዋሳ ሐኪሙ ለብቻህ ጠርቶህ ስትወጣ ፊትህን ያላየሁ መሰለህ? ጨጓራ! ለጨጓራ ቧንቧ ከፍቶ ሽንት ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አለ?"

"አላለቀስኩም።"

"የውሃውን ሂሳብ እኔ አይደለሁ የማየው?"

"እንዳትሰቀቂ ብዬ ነው!"

"እኔም አንተ እንዳትሰቀቅ ብዬ ነው!"

ሊሻን ከጓዳ ሮጣ መጣች። በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። "እኔስ?" አለች። "እኔ የሐኪሙን ወረቀት ያነበብኩት ከሐዋሳ የተመለሳችሁ ዕለት ነው። ስንት ሳምንት ሦስታችን በአንድ ቤት እየተደባበቅን!"

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። ሦስታችንም እኩል ነው የምንናገረው። ለቅሶም አለበት፣ ስድብም አለበት፤ ፋንታዬ "የወንድ ሞኝ" ብላኛለች፤ ሁለት ጊዜ። መናደዴ አልበረደም። አሁን ስጽፍም አልበረደም። በማን ላይ እንደሆነ ነው የጠፋኝ። በኪያ ላይ እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል፤ የተረገመች ልጅ፣ ትኑር።

ሲበርድልን ሊሻን ራቷን አመጣችላት። ፋንታዬ እጄን ያዘችና "ደህና ነው ድንኳኑ?" አለች።

"አንዱ ጎኑ ተቀዷል። መብራት ሰቅለውበት።"

ማንኪያውን ለሊሻን መለሰችላት።

"ቶሎ አሰፉት" አለችኝ።

ነገ በጠዋት ወፍራም መርፌና የኒሎን ክር ይዤ መጋዘን እሄዳለሁ። እኔው ነኝ የምሰፋው፤ ሽበሺ ሸራ መስፋት አይችልም።